ጥቁር ዝሆን የቆመበት ከተማ

በእኛ ሰፈር መርዶ የሚናገረው እኔ ነኝ። ለዚህ ማንም አልሾመኝም፤ ድምፄ የማይንቀጠቀጥ በመሆኑ ብቻ የእድራችን ሰዎች ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ከፊት ያቆሙኛል። ገና ጎሕ ሲቀድ የሐዘንተኛውን ደጅ እናንኳኳለን፣ እንገባለን፣ ሰውየውን ወይም ሴትዮዋን እናስቀምጣለን፣ ከዚያም ቃሉን እኔ አወጣዋለሁ። ከቃሉ በኋላ የሚመጣውን ጩኸት የሰማ ሰው ነገሩን እንደ ቀላል ሥራ አይቆጥረውም። ስለዚህ ሟቹ ማን እንደሆነ፣ የትና እንዴት እንደሞተ ሳላረጋግጥ አፌን አልከፍትም። እናት የመጀመሪያው ጩኸት በረድ ሲልላት «የት?» ብላ ትጠይቃለች፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው መርዶ ነጋሪ ከወሬኛ አይለይም።

በግንቦት ወር አንድ ሰኞ ጠዋት የእድራችን ጸሐፊ ወንደሰን ቤቴ መጣ። መገናኛ የቧንቧ ዕቃ መደብር ያለው፣ ፈጣን፣ ነገር ማጓተት የማይወድ ሰው ነው። አልቀመጥም ብሎ በር ላይ እንደቆመ፣

«ጋሽ በላይነህ፣ ነገ ንጋት ላይ ያስፈልጉናል» አለኝ። «የእትዬ አሳየች ልጅ ናዝሬት ሞታለች።»

አሳየች የአጥር ጎረቤቴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለቻት ናዝሬት ብቻ ስትሆን፣ ልጅቷም «ሲኞራ» የምትላትን አንዲት አሮጊት ለመጦር ጣሊያን ከሄደች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ወሬውን ስሰማ ደፉ ላይ ተቀመጥሁ።

«መቼ?»

«ባለፈው ረቡዕ ነው። እኛ የሰማነው ሐሙስ ነው። እዚያ ያሉ ሐበሾች ፌስቡክ ላይ ለጥፈውታል። ‹እህታችን ናዝሬት፣ የኮተቤ ልጅ፣ በመኪና አደጋ ቶሪኖ ከተማ ውስጥ ሕይወቷ አልፏል፤ ቤተሰቦቿን የምታውቁ አሳውቁልን› ይላል።»

«ፎቶግራፏስ?»

«ሻማ ነው ያደረጉበት።»

«የአባቷስ ስም?»

«አልተጻፈም። ግን ስንት የኮተቤ ናዝሬት ጣሊያን አለች ብለው ነው?»

ከሐሙስ ጀምሮ የተሠራውን ሁሉ በኩራት ዘረዘረልኝ። ወሬው እንዳይደርሳት አሳየችን ለጉልበቷ ሕመም በሚል ሰበብ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ልከዋታል። የእህቷ ልጅ ሰርክአዲስ «ጸበል ቦታ ስልክ አይፈቀድም» ብላ ስልኳን ተቀብላ ዘግታዋለች። ድንኳኑ ከጎረቤት ግቢ ተጣጥፎ ይጠብቃል። ማታ ሴትዮዋን ያወርዷታል፣ ንጋት ላይ ያረዷታል። እኔ ብቻ ነበርሁ የቀረሁት፤ ቃል አውጪው።

ይህ ሁሉ የተደረገው በክፋት አይደለም። እንዲያውም ደግነት ነው፤ ሰው ብቻውን ሳለ በስልክ መርዶ እንዳይሰማ መጠበቅ ከአባቶቻችን የወረስነው ወግ ነው። ነገር ግን ወንደሰን ሲናገር አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በገና ሰሞን አሳየች አጥሩ ላይ ተደግፋ «ጋሽ በላይነህ፣ ልጄ አውሮጳ ሄዳ አመድ ጠራጊ ሆና አረፈችው፤ ያውም የምድጃ እንዳይመስልዎት፣ የተራራ አመድ!» ብላ እየሳቀች አጫውታኝ ነበር።

«ወንደሰን፣ ቶሪኖ አጠገብ አመድ የሚተፋ ተራራ አለ?»

«ምን?»

«ተራራ። አመድ የሚተፋ።»

«እኔ ሞት አልኩ፣ እርስዎ ተራራ ይላሉ እንዴ? ጣሊያን ጣሊያን ነው፣ ጋሽ በላይነህ። የትስ ብትሞት ምን ይለውጣል?»

ጣሊያን ጣሊያን ነው! እስቲ አንድ ሰው መጥቶ «ወንድምህ ጅማ ውስጥ ሞተ» ቢለው፣ ወንድሙ የሚኖረው ደሴ ቢሆን፣ ወንደሰን «ኢትዮጵያ ኢትዮጵያ ነው» ብሎ ከል ይለብስ ነበር? የራሱ ሥጋ ሲሆን ቀበሌውንና የቤት ቁጥሩን ሳይቀር ይጠይቅ ነበር። የሰው ልጅ ስትሆን ግን አንድ አገር ሙሉ እንደ አንድ ግቢ ጠበበለት። ፍሬንና መኪና የሚሉትን ቃላት ከአገሩ ተቀብለን ስንት ዘመን ስንናገር ኖረን፣ ልጆቻችንን ስንልክበት ግን የት እንዳሉ እንኳ አንጠይቅም፤ ከሮም ሌላ ከተማ መኖሩን የምናውቅ አንመስልም።

«ሳላጣራ ቃል አላወጣም» አልሁት።

«ሽማግሌዎቹ ተጠርተዋል!»

«ተጠርተው ይመለሱ።»

ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። ያመራሁት ወደ መምህርት ሸዋረጋ ቤት ነበር። ፊደል የቆጠርሁት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ በማታ ትምህርት ሲሆን፣ የመጀመሪያውን የዓለም ካርታ የገለጠችልኝ እሷ ናት። ኮተቤ ውስጥ ጂኦግራፊ ስታስተምር ኖራ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ነገሩን ስነግራት መነጽሯን አውልቃ ቀሚሷ ላይ ወለወለችው።

«ቶሪኖ ሰሜን ዳር ነው» አለች። «ከበላዩ ያሉት ተራሮች በረዶ እንጂ እሳት የላቸውም። አመድ የሚተፉት ከናፖሊ ወደታች ያሉት ናቸው። ልጅቷ ራሷ ያለችውን መስማት አለብን።»

ወደ ሰርክአዲስ ደወልን። መገናኛ በሚገኝ አንድ ቢሮ የምትሠራ፣ ሁለት ቋንቋ እየደባለቀች የምትናገር ወጣት ናት። የአሳየችን ስልክ በመሐረብ ጠቅልላ፣ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ መጣች።

«ኦፍላይን አድርጌዋለሁ» አለች። «የድሮ ቮይሶቿ ግን ሴቭ ስለሆኑ ይሰማሉ። እኔ ግን ድምፅዋን መስማት አልችልም፣ ጋሼ፤ በእመቤቴ!»

«ትችያለሽ» አለቻት ሸዋረጋ። «ተቀመጪ።»

የጣሊያንን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ልጅቷ የላከቻቸውን መልእክቶች ተራ በተራ አዳመጥን። የሞተች የተባለች ልጅ ድምፅ ክፍሉን ሲሞላው ሰርክአዲስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ናዝሬት ግን ትስቅ ነበር።

«እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ ተራራው ሌሊቱን ሲያጓራ አድሮ በረንዳችንን ጥቁር አሸዋ በአሸዋ አደረገው። እዚህ ሰው ሰማዩ ጠርቶ ጃንጥላ ይዞ ይወጣል ብልሽ ታምኛለሽ? ለአመዱ ነው! ጠርጌ ሳልጨርስ እንደገና ይወርዳል።»

«ናፖሊ ይሆናል» አለች ሸዋረጋ፤ ጣቷን ካርታው ላይ አሳርፋ። ወዲያው ግን ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም። የናፖሊው ተራራ ከተኛ ቆይቷል። ቀጥይ።»

«ባሕሩ ቅርብ ነው። ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን ኋላ ያለው የዓሣ ገበያ ጠዋት ጠዋት ሲጮህ መርካቶን ያስንቃል። ደግሞ ቤቱም መንገዱም የተሠራው በጥቁር ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ያብረቀርቃል።»

ሸዋረጋ ከወንበሯ ተነሣች። «ይህ ከተማ በተራራው ቅልጥ ድንጋይ የተከበበ ነው። አንድ ዘመን ነበልባሉ እስከ ቅጥሩ ወርዶበታል፤ ቀጥሎም የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራረሰው፤ መልሰው ያነጹት በዚያው ባቃጠላቸው ጥቁር ድንጋይ ነው። ግን አንድ ምስክር ይቀረኛል።»

ወንደሰን በሩን ሳያንኳኳ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ተከታትሎን መጥቷል።

«ይሄ የእድር ጉዳይ ነው ወይስ የጂኦግራፊ ፈተና?» አለ።

«ፈተናማ ቢሆን አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችው ሸዋረጋ፤ እሱንም ልጅ ሳለ አስተምራዋለች። «ቦሎኛ የማካሮኒ ዓይነት ናት ብለህ የጻፍክልኝ አንተ አይደለህም?»

«እትዬ ሸዋረጋ፣ ሰው ሞቶ ቀልድ አያምርም።»

«ማን ሞተ? ማወቅ የፈለግነው እሱን ነው። አርፈህ ስማ።»

ሰርክአዲስ ሌላውን መልእክት ከፈተች።

«እማዬ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ እዚህ የቅድስታቸውን በዓል አከበሩ። ወንዱ ሁሉ ነጭ ቀሚስ ለብሶ፣ ትልቁን የብር ሠረገላ በረጅም ገመድ እየጎተተ፣ ነጭ መሐረብ እያውለበለበ ይጮኻል። ታቦት የሚወጣ መስሎኝ እልል ብዬ ሲኞራን አስደነገጥኳት! አደባባዩ ላይ ደግሞ ጥቁር የድንጋይ ዝሆን አለ፤ ጀርባው ላይ ሐውልት ተሸክሟል፤ የአክሱምን ሐውልት ትንሽ አድርገሽ አስቢው። ሲከፋኝ እሱጋ ሄጄ እቀመጣለሁ፤ ጣሊያን ውስጥ የአፍሪካ ሰው እሱና እኔ ነን ብዬ።»

ሸዋረጋ ካርታው ላይ እስከ ታችኛው ጫፍ ወረደችና ባሕሩን ተሻግራ ደሴቲቱ ላይ ጣቷን ተከለች። «ካታኒያ። ተራራው ኤትና፣ ቅድስቷ አጋታ። ዝሆን ምልክቱ የሆነ ሌላ የጣሊያን ከተማ እኔ አላውቅም። ከቶሪኖ እዚህ ለመድረስ አገሩን ከራስጌ እስከ ግርጌ አቋርጠህ፣ ባሕር ትሻገራለህ።»

ወንደሰን ለጥቂት ጊዜ ካርታውን አየ። ከዚያም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሊናቅ የማይችል ነገር ተናገረ።

«እሺ፣ በጥምቀት ሰሞን እዚያ ነበረች። ሰው ሥራ አይቀይርም? ከተማ አይቀይርም? እኔ አሥር ጊዜ ቤት ቀይሬያለሁ። ነገ ሳንነግራት ቀርተን ከነገ ወዲያ ከመንገድ ብትሰማ፣ ጋሽ በላይነህ፣ ሴትዮዋ ደርቃ ትቀራለች፤ ኃላፊነቱን እርስዎ ይወስዳሉ?»

ካርታ ሰው የኖረበትን ቢያሳይም መኖር አለመኖሩን አያሳይም።

«የመጨረሻው የቱ ነው?» አልኋት ሰርክአዲስን።

«ያለፈው እሑድ ሳይሆን፣ የዛ በፊቱ እሑድ የላከችው።» ከፈተችው። ናዝሬት በችኮላ ነበር የምትናገረው።

«እማዬ፣ በይ ቻው፤ ሲኞራ ልትወስድብኝ ነው። እንደምታውቂው ስልኬን ከእሑድ በቀር አትሰጠኝም፤ ሌላ ቀን ዝግ ነው። እሑድ ጠብቂኝ።»

ይህን ሰምቼ ሰርክአዲስን አየኋት። «አንቺ ደውለሽላት ነበር?»

«ሐሙስም ዓርብም ደወልኩ። ዝግ ነው። ለዚህ ነው በቃ… ያመንኩት።»

«እሑድስ?»

«እሑድማ ምን ብዬ ልደውል፣ ጋሼ? ለሞተ ሰው ይደወላል?»

ትላንት እሑድ ነበር። እናቲቱ ጸበል ቦታ ናት። የእናቲቱ ስልክ መሐረብ ውስጥ ታስሯል። ልጅቷ በሕይወት ካለች የምትደውለው ትላንት ነበር፤ ያንን ጥሪ የሚቀበለውን ብቸኛ ስልክ ደግሞ እኛው በደግነታችን አፍነን አስቀምጠነዋል።

«ክፈቺው!» አልሁ።

«ጋሽ በላይነህ፣ ከተከፈተ የልቅሶ መልእክት ይጎርፍበታል!» አለ ወንደሰን።

«ይጉረፍ! የምትሰማው እዚህ የለች! ክፈቺው ነው የምልሽ!»

ሰርክአዲስ ዳታውን ከፈተች። ወዲያው ስልኩ ጠረጴዛው ላይ መንጫጫት ጀመረ፤ ያልተነሱ ጥሪዎች፣ ቀጥሎም የድምፅ መልእክቶች፤ ሁሉም የትላንት።

«እማዬ፣ ለምን አታነሺም? ጉልበትሽ ባሰብሽ እንዴ?»

«እማዬ፣ ኧረ አታስጨንቂኝ። የማንንም ቁጥር በቃሌ አላውቅም፤ የድሮው ስልኬ ሲጠፋ ሁሉም ጠፋ። ጎረቤት ያለ ሰው ይህን ስልክ ካነሣ፣ እናቴ ምን ሆና ነው? ንገሩኝ! እናቴ ሞታለች? ሞታለች እንዴ?»

ሰርክአዲስ ጮኸች፤ እልልታ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ጩኸት ነበር። ወንደሰን «ተመስገን! ተመስገን!» እያለ ግድግዳውን በመዳፉ መታ፤ እንባው ሲወርድ አይቻለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ወዲያው ስልኩን አወጣና ሽማግሌዎቹ እንዲቀሩ፣ ድንኳኑ እንዲመለስ ማዘዝ ጀመረ።

«ለእትዬ አሳየችም ምንም እንዳንነግራት» አለ ሲጨርስ። «ሰላም ሰላሙን ታውራ። ነገሩ እዚሁ ይለቅ።»

«አላለቀም» አልሁት። «ቶሪኖ ውስጥ የሞተችው ማን ናት?»

ወንደሰን ጥያቄዬ አልገባውም። «ማን?»

«ናዝሬት፣ የኮተቤ ልጅ። መንገድ ላይ የወደቀችው። ‹ቤተሰቧን አሳውቁልን› የተባለላት። ከሐሙስ ጀምሮ መልእክቱን ይዘህ የተቀመጥህባት።»

«እኔ ምን አውቄ?»

ሰርክአዲስ ፊቷን ከነጠላዋ ገለጥ አደረገች። «ከአስፋልቱ ማዶ አንዲት ናዝሬት ነበረች» አለች ቀስ ብላ። «የጴንጤዎቹ። አብራኝ ተምራለች። ጣሊያን ሄደች ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ይህን እያወቅሽ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሁሉም ‹የእትዬ አሳየች ልጅ› ሲል እኔም…»

ያን ጊዜ ስህተቱን ከነሥሩ አየሁት። «ስንት የኮተቤ ናዝሬት ጣሊያን አለች» ያለው ወንደሰን የቆጠረው የእድራችንን ልጆች ብቻ ነው። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ሰው የሚቀበርበት ሌላ፣ የሚጸልይበት ሌላ፣ እድሩም ሌላ ስለሆነ፣ ልጅ ይኖረዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። አንድ ውሃ ቧንቧ ላይ እየተሰለፍን፣ አንድ ታክሲ ውስጥ እየተገፋፋን፣ ልጆቻቸውን በስም አናውቃቸውም።

«ታዲያ የእነሱ እድር ያውቅበታል» አለ ወንደሰን። «የእኛ አባል አይደለችም። ከፈለጉ ቁጥራቸውን ፈልጌ ቴክስት አደርግላቸዋለሁ።»

በሕይወቴ ብዙ ተቆጥቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ከዘራ የያዘ እጄን የፈራሁበት ጊዜ አላስታውስም።

«ለእኛዋ እናት ጸበል፣ ድንኳን፣ ሽማግሌ፣ ለእሷ ቴክስት! ለአሳየች ጆሮ ብለህ አራት ቀን ሙሉ ሰፈሩን ዝም ስታሰኝ የከረምህ ሰው፣ ያቺ እናት ጆሮ የላትም? ልጇ የሞተችባት እሷ ናት! ድንኳኑ የእሷ ነበር! ያለቀስነው የእሷን ልቅሶ ነው፣ ወንደሰን፤ ሰርቀን አለቀስንባት!»

«አይጩኹብኝ፣ ጋሽ በላይነህ።»

«ካልጮኽሁ የሚሰማኝ የለም!»

ሸዋረጋ ትከሻዬን ያዘችኝ። «ውኃ ይጠጡና እንሂድ» አለችኝ። «መጀመሪያ አሳየችን እናምጣት። ስልኩ የእሷ ነው።»

ከመገናኛ ታክሲ ይዘን፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ሌላ ቀይረን፣ እንጦጦ ወጣን። አሳየች ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ባሕር ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እርጥብ ነጠላዋን ታሰጣ ነበር። ሁለታችንን አብረን ስታይ ፊቷ ጠቆረ፤ እኔ ወደ ሰው ስሄድ ሰው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ።

«ናዝሬት ደኅና ናት» አልኋት ገና ከሩቁ። ስደርስ ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኋት፤ ፌስቡኩን፣ ጸበሉን፣ ስልኩን፣ ለነገ የተቀጠረውን። ስልኩን ሰጠኋትና የትላንቱን መልእክቶች ሰማች። «እናቴ ሞታለች እንዴ?» የሚለው ጋ ስትደርስ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። የምትስቅ መስሎኝ ነበር።

«እሑዴን ሰረቃችሁኝ» አለች። «ልጄ በሰው አገር ‹እማዬ› እያለች ስትጣራ እኔን እዚህ አስቀምጣችሁ ውኃ ታስረጩኛላችሁ? ልጄን በቁሟ ቀብራችሁ፣ እኔን ደግሞ ለእሷ ገደላችሁኝ! እስከሚመጣው እሑድ እናቴ ሞታለች እያለች ትክረም? ማን ፈቀደላችሁ? ሰው ነኝ ወይስ ሕፃን? ስልኬን የሚወስድ ማነው? መስማት የምችለውንና የማልችለውን የሚመድብልኝ ማነው?»

«ልክ ነሽ» አልኋት።

«ልክ መሆኔን ከእርስዎ አልጠየቅሁም!»

ሸዋረጋ ልታባብላት እጇን ስትዘረጋ አሳየች ገፋቻት። ስድቧን ሁሉ ቆመን ተቀበልን። ትንፋሿ ሲያጥርባት ተቀመጠች፣ ስልኩን እንደገና ከፈተች፣ ስለ ዝሆኑ የተነገረውን አዳመጠች። ከዚያ ቀና አለች።

«ሌላዋስ?» አለች። «የሞተችው የማን ናት?»

ነገርኋት። ገና ያልደረቀ ነጠላዋን ከድንጋዩ ላይ አንሥታ ለበሰች።

«ታዲያ እዚህ ምን ገተራችሁ?»

ወደ ኮተቤ ስንመለስ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበር። ከአስፋልቱ ማዶ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆነውን ዱሬሳን አገኘነው፤ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ዱቄት እያራገፈ። ሲሰማ ዱቄቱን ማራገፉን ትቶ፣

«የጊፍቲ ልጅ ናዝሬት ጣሊያን ናት» አለ። «ከተማውን ግን አላውቅም። እናቲቱ ስልኳ አልነሣ ብሎኛል እያለች ስታስጸልየን ነው የሰነበተችው። እኛ ኔትወርክ የለም ይሆናል እያልን ስናጽናናት ነበር።»

«ሳናረጋግጥ አንነግራትም» አልሁት። «አንድ ስህተት ለዛሬ ይበቃናል።»

«እሺ። ግን አብሬያችሁ እገባለሁ።»

ጊፍቲ ልብስ ሰፊ ናት። ከሲንጀር መኪናዋ ላይ ተነሥታ ወንበር አቀረበችልን፤ የማታውቃቸው ሽማግሌና ሁለት ሴቶች ከወንድም ዱሬሳ ጋር መግባታቸው ግራ ቢያጋባትም ፈገግ ለማለት ሞከረች። ሸዋረጋ ጀመረች፤

«ልጅሽ ጣሊያን ናት አሉን። የአሳየችም ልጅ እዚያ ናት። የትኛው ከተማ ናት?»

«ስሙንማ አልይዘውም፣ እትዬ። ግን ሁሌ ትነግረኛለች።» ፊቷ በራ። «በመስኮቷ በኩል በረዶ የለበሱ ተራሮች ይታያሉ። መሀል ከተማውን ትልቅ ወንዝ ያቋርጠዋል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ አትበሰብስም፤ የሱቆቹ ደጅ ሁሉ ጣሪያ አለው፤ በቅስት በቅስቱ ሥር ከተማውን ሙሉ ትዞሪዋለሽ ብላኛለች።»

ሸዋረጋ ዓይኖቿን ወደ መሬት ጣለች። ጊፍቲ ግን ደስ ብሏት ቀጠለች።

«መኪና የሚሠሩበት የድሮ ፋብሪካ አለ፤ መኪናውን ጣሪያው ላይ ይነዱት ነበር ስትለኝ ውሸታም ብያታለሁ። ደግሞ የጌታን መግነዝ አስቀምጠናል ይላሉ አለችኝ፤ በቤተ ክርስቲያናቸው። እኔም ‹መግነዙ ምን ያደርግልሻል ልጄ፣ እሱ ተነሥቷል› አልኳት። ስትስቅብኝ!»

የቀረ ምልክት አልነበረም። ሸዋረጋን አየኋት፤ ራሷን አንድ ጊዜ ብቻ ወደታች ነቀነቀች። ዱሬሳ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። አሳየች ከወንበሯ ተነሥታ ጊፍቲ አጠገብ ሄዳ ቆመች፤ አልነካቻትም።

የጊፍቲ ፈገግታ ከፊቷ ላይ ቀስ በቀስ ወረደ። አንዳችንን ከአንዳችን እያፈራረቀች አየችን።

«ስለ ከተማው ለምንድን ነው የምትጠይቁኝ?» አለች።

«ልጄ፣ ቁጭ በይ» አልኋት። ድምፄ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀጠቀጠ።

«አልቀመጥም።» የሲንጀሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች። «ስንት ቀን ነው ተቀምጬ የጠበቅሁት። እንደቆምኩ ይንገሩኝ።»

እንደቆመች ነገርኋት።